7 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ማክሰኞ ማን ይመጣል?

እሁድ ጠዋት 7 ለ 0 ለተሸነፈ የታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ዋናው ጨዋታ ያለው ማክሰኞ ልምምድ ላይ ነው። 18 ልጅ የነበረው ቡድን 11 ብቻ ከመጣ ትልቁ ሽንፈት ያኔ ደረሰ ማለት ነው። የገባው ጎል ይረሳል፤ የቀረው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ እንደቀረ ይቀራል።

እኛ ደጋፊዎች ክለባችን ሲሸነፍ ተናደን፣ ተበሻሽቀን፣ በሳምንቱ ተመልሰን ዲኤስቲቪ ቤት እንገባለን። የ12 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። ጎሉ የገባው በሱ በኩል ነው፤ ሰፈር ሲደርስም "ስንት ገባባችሁ?" የሚል ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ አሰልጣኙ ከሜዳ ዳር "ምን ያፈዝሃል!" እያለ ሲጮህበት ከዋለ፣ ለምን ብሎ ይመለሳል?

ሽንፈት ሲደጋገም አንዳንዱ አሰልጣኝ አቋራጭ ይፈልጋል። ዕድሜው ያለፈ "ታዳጊ" አምጥቶ ያሰልፍና ትክክለኛውን ታዳጊ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ቡድኑ ያሸንፍ ይሆናል፤ ልጁ ግን ኳስ ሳይነካ ውድድሩ ያልቃል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ልጆቹ ሊደርሱበት የሚችሉት ግብ ይሰጣቸው። "ዛሬ ኳሱን ሳንጠልዝ አምስት ጊዜ ተቀባብለን ከሜዳችን እንውጣ" ይበላቸው። ተሸንፎም ቢሆን ይህን ሦስቴ ያደረገ ቡድን ወደ ቤት ሲሄድ የሚያወራው አለው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ይጫወት፤ አምበልነቱም ይዙር። ሦስተኛ፣ ፊሽካው እንደተነፋ ንግግር አይብዛ። የሚያለቅስ ልጅ ትምህርት አይሰማም፤ ውሃውን ጠጥቶ ቤቱ ይግባ። ስህተቱ ማክሰኞ የማንም ስም ሳይነሳ በልምምድ ይታረማል። ደግሞም ውሸት አያስፈልግም። ሰባት ጎል የገባበትን ቡድን "አሪፍ ነበራችሁ" ቢሉት ልጅ አይሸወድም። እውነት ጥሩ የነበረችውን አንዷን ነገር ፈልጎ መንገር ይሻላል።

አወዳዳሪዎችም ድርሻ አላቸው። ኖርዌይ ውስጥ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የደረጃ ሠንጠረዥ አይወጣም። እንዲህ ሆኖ ሃላንድና ኦዴጋርድ ከዚያው ሀገር ወጥተዋል። ሠንጠረዥ አለመኖሩ ተጫዋች አላሳጣትም።

እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። በ1993 ዓ.ም. ወጣት ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ 4ኛ ወጥቶ አርጀንቲና ለተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አለፈ። እዚያ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች ተሸንፎ ተመለሰ። ዛሬ ያንን ቡድን የሚያስታውስ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሳው ዓለም መድረክ መድረሱን ነው።

ስለዚህ አሰልጣኞቻችን ከእሁዱ ውጤት ጎን የማክሰኞውን የስም መጥሪያም ይመልከቱ። ወላጆችም ልጁ ቤት ሲገባ "ስንት ለስንት?" ከማለታቸው በፊት "ተጫወትክ ወይ?" ብለው ይጠይቁት እንላለን።