ክርስቲያን ልብ ወለድ ማንበብ ይገባዋልን?

በመኝታ ቤቶቻችን የማያልቅ ክርክር አለ፤ ክርስቲያን ተማሪ ልብ ወለድ ማንበብና ፊልም ማየት ይገባዋልን? የሚል ነው። ብዙዎቹ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ከደጋው ከአጥባቂ ቤት የመጡት፣ ነገሩን «መንፈሳዊ» እና «ዓለማዊ» ብለው ለሁለት ከፍለው ጨርሰውታል። እኔ ግን በዚህ አከፋፈል አልስማማም።

የአዲስ አበባ ሰው ጥንት ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ዛሬ ጸሎት ቤቶቻችን ስክሪን ሰቅለው የመዝሙር ግጥም ያሳዩበታል፤ ሰይጣኑ ወዴት እንደ ሄደ የጠየቀ ግን የለም።

በበኩሌ «መንፈሳዊ» ከሚባሉት ፊልሞች አብዛኞቹን አልወድም። ሰካራሙ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይሰክራል፤ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ያለቅሳል፤ ሚስቱም ወዲያው ይቅር ትለዋለች። ንስሐ እንዲህ የሚቀል ከሆነ ኃጢአቱም ቀላል ነበር ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ነገር እንዲህ አላለሰለሰም፤ የሰው ሚስት መውሰዱንም፣ ባሏን ማስገደሉንም ገልጦ ጽፎታል። ነቢዩ ናታንስ ንጉሡን የገሠጸው በምንድን ነው? በፈጠራ ታሪክ አይደለምን? አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድኻና ያችኑ በግ ወስዶ ለእንግዳው ስላረዳት ባለጠጋ አወራለት። ዳዊት በባለጠጋው ተቆጥቶ ከፈረደ በኋላ ነው ሰውዬው ራሱ መሆኑ የተነገረው። እኔም ከልብ ወለድ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ያሬድ ዘለቀ በ2007 ዓ.ም. ለካን ፌስቲቫል ያቀረበው ፊልም፣ በዚያ ይፋ ምርጫ ውስጥ ለመግባት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ታሪኩም የበግ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሲሄድ በጉን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አጎቱም ለመስቀል በዓል ትታረድ ይላል። ለመስቀላ ሰንጋ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብ የጋሞ ሰው ይህን ከልጁ ጎን ቆሞ ቢያየው ምን ይከፋል?

ከሁሉ የማስበልጠው ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ ወላጆቹ የተሳሉለትን ስለት አፍርሷል የሚል ወዳጅ አለኝ። እውነት ነው፤ ዋጋውንም ከፍሏል፤ ደራሲው አላድበሰበሱለትም። እኔን የያዘኝ ግን የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ነው። የድኻ ልጅ ሰብለ ወንጌልን ማግባት ከቶ የማይታሰብ ነው።

ይህ የጎጃም ጉዳይ ነው የምትል አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ወደ ደጋችን ተመልከት። ማላ የሆነ፣ ሸክላ ከሚሠራው ከማና ወይም ቆዳ ከሚያለፋው ከደጋላ ጋር ለመጋባት እስከ ዛሬ ይጠየፋል፤ የሚደፍር ቢገኝም ዘመድ ይነሣበታል። እሑድ ባንድ አግዳሚ ተቀምጠን እንዘምራለን፤ ሰኞ የጋብቻ ነገር ሲነሣ ዘር እንቆጥራለን። በዚህ ጉዳይ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ አልልም። ፊታውራሪ መሸሻን እየጠላሁ ሳነብ ግን ናታን አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

የማና ልጅ ለማላ ቤት ሽማግሌ የላከበትን ቀን በልብ ወለድ የሚጽፍ ከዚህ ግቢ ቢነሣ፣ በጋሞኛም ይሁን በአማርኛ፣ «ዓለማዊ ነው» ብላችሁ ከእጃችሁ እንዳትጥሉት አደራ እላችኋለሁ።