ግልገሏ እስስትና የጠዋት ፀሐይ

ባለፈው ወር ከጦር ሰፈራችን እናቶች አንዷ ወደ ቤቴ መጥተው ያጫወቱኝ ነገር በመጀመሪያ አሳቀኝ፤ ውሎ አድሮ ግን አሳሰበኝ። ታናሽ እኅታቸው ከሰሜኑ ጦርነት ሸሽተው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የገዳሪፍ ግዛት፣ በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ይኖራሉ። የ9 ዓመት ልጃቸው ከማሽላ እርሻ ዳር ጣት የምታህል እስስት አግኝቶ፣ ክዳኑ በተበሳሳ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከቷት፣ ከአልጋው ሥር አኑሯታል። ሰሞኑን ግን እስስቷ መብላት ትታለች፤ ጠቁራለች፤ በቀን ዓይኗን ትጨፍናለች። እናትየው «ሕፃኑን ሳትተናኮልብኝ ጣላት» ሲሉ፣ ልጁ ያለቅሳል። «እትዬ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» ነበር የእንግዳዬ ጥያቄ።

በቅድሚያ የእናትየውን ሥጋት እናንሣ። እስስት መርዝ የላትም። ሰው ቃሉን ሲለዋውጥ በስሟ እንጠራዋለን እንጂ፣ እርሷ መልኳን የምትለውጠው ለማታለል ሳይሆን በአመዛኙ ስትፈራ፣ ስትቆጣ፣ ሲበርዳትና ሲሞቃት ነው። የበረዳት እስስት ሙቀት ለመሳብ ትጠቁራለች፤ የጋላት ደግሞ ትነጣና አፏን ትከፍታለች። ስለዚህ መልኳን ማንበብ ለቻለ ልጅ፣ ችግሯን ራሷ ትነግረዋለች።

የቆርቆሮው ኑሮ ግን ለሕይወቷ አስጊ ነው። እስስት የዛፍ እንስሳ ናት፤ ነፋስ፣ ቅርንጫፍና ከሁሉ በላይ ፀሐይ ትሻለች። ቆዳዋ ከፀሐይ ጨረር ቫይታሚን ዲን ያዘጋጃል፤ ይህ ቫይታሚን ከሌለ የበላችው ካልሲየም አጥንቷን አያጠነክርም። ግልገል ስትሆን በፍጥነት ስለምታድግ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል፦ እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል፣ ምላሷን ወርውራ ማደን ይሳናታል። በአውሮፓ እስስት የሚያረቡ ሰዎች ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት ገዝተው በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ያበሩላታል። ተራ አምፑል ያሞቃል እንጂ ይህን አይሰጥም። የመስኮት መስተዋትም ብርሃኑን አሳልፎ፣ የሚያስፈልገውን ጨረር ግን ያስቀረዋል።

ይህን የተማርኩት በዋጋ ነው። በልጅነቴ አዲስ አበባ፣ ከጓሮ አጥራችን ያገኘኋትን እስስት በብርጭቆ ማሰሮ ከትቼ በመስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ብርሃን ሞልቷት ሳለ እግሮቿ እንደ ሰም ጎብጠው ሞተች፤ እኔም «የቡዳ ዓይን ነው» ብዬ ቀበርኳት። ከዓመታት በኋላ የበኵር ልጄ 18 ወር ሞልቶት አልሄድ ሲል፣ በጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ የእጁን አንጓ ዳስሳ «ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምች እንዳይመታው በመፍራት በጋቢ ጠቅልዬ፣ በመስኮት መስተዋት ሥር ነበር የማስተኛው! የፀሐይ አገር በሆነችው ኢትዮጵያ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ ሕፃናትን የሚያጠቃው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ልጄ ታክሞ ዳነ፤ እስስቷ ግን ያን ጊዜ ትዝ አለችኝ።

እንግዲህ በቱነይድባ መብራቱ በነፃ ነው፤ ጭንቁ ጥላው ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በዚያ ሜዳ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጥላ በሌለው ሣጥን ውስጥ የተተወች ግልገል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ያረጀ የእንጨት ሣጥን ተፈልጎ፣ ጎኖቹ ተነቅለው በወንፊት ሽቦ ይተኩ። (የወባውን አጎበር ግን አደራ አትቅደዱ፤ እርሱ የልጆቹ ነው።) በውስጡ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይቁም። የአገሩ ሰው በአገዳና በሣር የሚሠራውን ዳስ ራኩባ ይለዋል፤ ሣጥኑ በራኩባው ምሥራቃዊ ጠርዝ ቢንጠለጠል ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ይውላል። በጠዋቱም ቢሆን ግማሹ በቅጠል ይሸፈን፤ መሞቅና መሸሽ የእርሷ ምርጫ ይሁን። ሌሊት ኩራዝም ሆነ ባትሪ አይብራባት፤ ጨለማው እንቅልፏ ነው።

በምግብ በኩል ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጠኑ ነው። ለግልገል የሚሰጠው ነፍሳት በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ትንንሽ ፌንጣ፣ ዝንብ፣ ከዝናብ በኋላ የሚወጣው ባለ ክንፍ ምስጥ ሁሉ ይሆናታል። የሙዝ ልጣጭ በጣሳ ቢቀመጥ ጥቃቅን ዝንቦችን ይሰበስባል። ግልገል በየቀኑ፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ጊዜ ትብላ፤ ያደገች በሁለት ቀን አንዴ ይበቃታል። ያልተበላ ፌንጣ ሌሊት ስለሚነክሳት ይውጣ። ነፍሳት ካልሲየማቸው አነስተኛ በመሆኑ፣ የዕንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆና እንደ ዱቄት ልሞ ጥቂት ይነስነስባቸው። ፀረ ተባይ ከተረጨበት የሰሊጥ ወይም የማሽላ እርሻ የተያዘ ነፍሳት ግን መርዝ ነውና ከእርሱ መጠንቀቅ ነው። ውኃ በሣህን ብታቀርቡላት አብዛኛውን ጊዜ አታየውም፤ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው የምትልሰው። ጠዋትና ማታ በጣት እየነከሩ ቅጠሉን ማርጠብ በቂ ነው።

የትዳር ጓደኞቻችን ከጠረፍ ሲመለሱ ለልጆች ስጦታ ብለው እስስት በኪሳቸው እንዳይዙ አደራ እላለሁ። ሱዳንም ኢትዮጵያም የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት አባሎች ናቸው፤ እስስትን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ያስጠይቃል። የቆላዋ እስስት ለደጋ ብርድ አልተፈጠረችም። የልጁም እስስት ብርታት ስታገኝ፣ መርዝ ካልነካው ቁጥቋጦ ላይ ብትለቀቅ ይሻላል።

ይህን ሁሉ እንግዳዬ በስልክ አስተላለፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው እንደነገሩኝ፣ እስስቷ አረንጓዴ ሆናለች፤ ልጁም ዝንብ ሲያድን ይውላል። የእኅታቸው የአምስት ወር ሕፃን እስከዚያ ድረስ ከመጠለያው ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን እናትየው በየጠዋቱ ጋቢውን ገልጠው፣ ከሣጥኑ አጠገብ፣ በራኩባው ጠርዝ ይዘውት ይቀመጣሉ።