ዱርን መከለል ብቻውን ጥበቃ አለመሆኑ

ዱርን ከልሎ አዳኝን የከለከለ ሹም መልካም ሥራ ጀመረ እንጂ አልፈጸመም። ዐዋጁ ከተነገረ በኋላ በውስጥ ያለውን እንስሳና እንስሳው የሚበላውን ቡቃያ በየዓመቱ የማያስመረምር ከሆነ፣ ያዳነውን እንስሳ ለረኃብ፣ የከለለውንም ዱር ለጥፋት አሳልፎ ይሰጣል። ይህም በአሜሪካ አገር በዋላ ምክንያት በሥራ የታየ ነገር ነው። ዋላ ማለት የወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ፣ በየዓመቱም እየወደቀ እንደገና የሚበቅል እንስሳ ነው፤ ስሙ በመዝሙረ ዳዊት ቢነሣም በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም።

በአሪዞና ግዛት፣ ግራንድ ካንየን ከሚባለው ታላቅ ገደል በስተ ሰሜን ካይባብ የሚባል ደጋ አለ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ዓመት (ቁጥሩ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) ይህን አገር ጥብቅ ዱር አደረጉት፤ ዋላ ማደንም ተከለከለ። ደግሞም ዋላው እንዲበዛ ተብሎ የመንግሥት አዳኞች የተራራ አንበሳ የሚባለውን አውሬ በመቶ፣ ኮዮት የሚባለውን ቀበሮ መሰል አውሬ በሺህ ገደሉ፤ ተኩላውንም አጠፉት። ሰውም አውሬም የማይነካው ዋላ እጅግ በዛ። በመጀመሪያ 4,000 ያህል ነበረ ይባላል፤ በ1924 ግን አንዱ 30,000 ነው፣ ሌላው 100,000 ነው እያለ ገመተ። የግምቱ መራራቅ ራሱ የጥፋቱን ሥር ይገልጣል፤ የዋላውን ቁጥር በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረምና።

ዋላው አፉ የሚደርስበትን ቅጠልና ቡቃያ ጨረሰ፤ በረዶ በሚወርድበትም ወራት ብዙው በረኃብ አለቀ። በ1924 በታኅሣሥ ወር ፈረሰኞችና ናቫሆ የሚባሉ የአገሩ ተወላጆች መንጋውን በገደሉ አሻግረው ወደ ሌላ ስፍራ ሊነዱት ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን በረዶው በረታ፣ ዋላውም በሰዎቹ መካከል እየሾለከ ተመለሰ፤ አንድ ስንኳ አልተሻገረም። የማዕከላዊው መንግሥት የደን ሹሞች በጥይት ሊቀንሱት በተነሡ ጊዜ ደግሞ የአሪዞና ሹሞች የግዛታቸው የአደን ሕግ ተጣሰ ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ መንግሥት መሬቱን ከጥፋት ለማዳን ዋላውን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ በ1928 ተፈረደ። ሹማምንት በሥልጣን ይከራከራሉ፤ የተራበ እንስሳ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

በዚያው አገር በምሥራቁ ወገን፣ በማሳቹሴትስ ግዛት የተደረገው ግን የመድኃኒቱን መንገድ ያሳያል። በ1930ዎቹ ዓመታት ለቦስተን ከተማና ለአካባቢዋ የሚጠጣ ውኃ እንዲጠራቀም የአራት ትናንሽ ከተሞች ሕዝብ ከስፍራው ተነሥቶ የኳቢን ግድብ ተሠራ፤ በዙሪያው ያለው ደን ተከለለ፣ በውስጡም ማደን ተከለከለ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ደኑ ሲመረመር ትልልቁ ዛፍ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን ተተኪ የለም፤ ቡቃያውን ዋላ በልቶታል። የውኃው ንጽሕና የሚጠበቀው በደኑ ነውና፣ ያረጀውን ዛፍ አንድ ዐውሎ ነፋስ ቢጥለው አፈሩ እየታጠበ ወደ ውኃው በገባ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ቢቃወምም፣ ከ1991 ጀምሮ በዕጣ የተመረጡ አዳኞች በተወሰኑ ቀኖችና በተወሰነ ስፍራ እንዲያድኑ ተፈቀደ። ከዚያም ወዲህ ቡቃያው አምልጦ ማደግ ጀመረ።

አንዳንድ ሰዎች፣ መግደል ጭካኔ ነው፣ ተፈጥሮ ራሱ ያስተካክለው ይላሉ። ርኅራኄያቸው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አውሬውን ሰው ካጠፋ በኋላ ተፈጥሮ ያስተካክል ማለት፣ የሚዛኑን አንድ ወገን ቈርጦ ጥሎ ሚዛኑ ራሱ ይመዝን እንደ ማለት ነው። በጥይት ከመሞት ይልቅ በረኃብ እየመነመኑ መሞት የከፋ ነው፤ ረኃቡም ዋላውን ብቻ አይገድልም፤ በዚያው ቅጠልና ቡቃያ የሚኖረውን ሌላ ፍጥረት ሁሉ ይጐዳል።

እንግዲህ የተከለለ ዱር በአደራ የተሰጠው ሹም ሦስት ነገር ያስብ። በመጀመሪያ፣ ቡቃያውን ይመልከት፤ በትንሽ መሬት ላይ እንስሳ የማይገባበት አጥር ቢያሳጥር፣ በውስጥና በውጭ ያለው የቡቃያ ልዩነት እውነቱን ይነግረዋል። ሁለተኛ፣ ለመቀነስ ሥልጣን ያለው ማን እንደ ሆነ ችግሩ ሳይደርስ በጽሕፈት ይወሰን። ሦስተኛ፣ መቀነስ የግድ ሲሆን ሴቲቱ ትቈጠር፤ ቀንደኛውን ወንድ ብቻ መግደል ለአዳኙ ክብር ይሆናል እንጂ መንጋውን አይቀንስም።

ይህ ሁሉ ግን እንስሳው ባነሰበት ስፍራ የመግደያ ምክንያት እንዳይሆን ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር የማይገኙት ዋልያና የደጋ አጋዘን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ለእነርሱ የሚገባቸው ፍጹም ጥበቃ ነው። የበዛውን ካነሰው ለይቶ የሚያሳውቅ ቈጠራ ነው፤ ሳይቈጥር የሚራራም ሳይቈጥር የሚገድልም ሹም አደራውን አልጠበቀም።