ሁለት የመረጃ ስብስቦችን ስናዋሕድ ምን እንጥላለን? ከቦረና ቆላ የተነሣ አስተያየት

ለድኅረ ምረቃ ጥናታችን ሌሎች የሰበሰቡትን መረጃ የምንጠቀም ተማሪዎች ብዙዎቻችን የምንቸገርበት ቦታ አንድ ነው። ሁለት የመረጃ ስብስቦችን በአንድ ሰንጠረዥ ለማዋሐድ ስንሞክር የዓምዶቹ ስሞች አይገጥሙም። በአር የረድፍ ማያያዣው ትእዛዝ አርባይንድ ስሕተት ጠቁሞ ይቆማል። የስታታው አፔንድ ግን ያዋሕዳል፤ በአንደኛው ስብስብ ብቻ ያለውን ተለዋዋጭ ለሌላኛው ባዶ አድርጎ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ የምንፈልገው መፍትሔ ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ የሁለቱን የስም ዝርዝር አነጻጽሮ የጋራ የሆኑትን ማስቀረት፣ የተለያዩትን መጣል። በአር ኢንተርሴክት የሚባለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል፤ በፓይተኑ ፓንዳስ ደግሞ ሲያዋሕዱ ኢነር የሚለውን ምርጫ መጻፍ ይበቃል። ሥራው በቅጽበት ያልቃል። ምን እንደተጣለ ግን ፕሮግራሙ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም።

ይህ አንድ መስመር የመረጃ ማጽዳት ሥራ ተደርጎ መታየቱን እቃወማለሁ። ማን በጥናቱ ውስጥ እንደሚታይና ማን እንደማይታይ የሚወስን የጥናት ውሳኔ ነው። ነገሩ በየትኛውም አካባቢ የሚያጋጥም ቢሆንም ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ባለው ቆላ ጎልቶ ይታያል።

ሁለቱን ምሳሌዎቼን አብዛኞቹ አንባቢዎች ያውቋቸዋል። አንደኛው የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011/12 የጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዙር በገጠርና በትንንሽ ከተሞች በ333 የቆጠራ ቦታዎች 3,969 ቤተሰቦችን ይዟል። ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ለእንስሳት መድን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና ዞን የሰበሰበው የቤተሰብ ጥናት ነው። ሁለቱም ለተመራማሪዎች ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው ማሳን በማሳ ይጠይቃል፦ ምን ተዘራ፣ ስንት ማዳበሪያ ገባ፣ ስንት ኩንታል ተገኘ። የሁለተኛው ልብ መንጋው ነው።

እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም የሚያደርገውን ነበር፤ በስም የሚጋሩትን አስቀርቼ ሌላውን ጣልሁ። የቀረልኝ የቤተሰብ ብዛት፣ የአባወራው ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ የእርሻ መሬት ስፋትና የመሳሰለው ነበር። በእነዚህ ተለዋዋጮች ሲታይ የቦረና ቤተሰብ መሬት የሌለው፣ ያልተማረና በሣር ጎጆ የሚኖር ደሃ ገበሬ ነው። ገበሬ ግን አይደለም። ሀብቱ መንጋው ነው፤ መንጋውም የሚታለቡት ከቤት አካባቢ የሚቀሩበት ወራና ደረቆቹ ርቀው የሚሄዱበት ፎራ ተብሎ ይከፈላል። እንስሳቱ የት እንደሚሰማሩና ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቁት ዓምዶች በደገኛው መጠይቅ አቻ ስላልነበራቸው ተጥለዋል። ድርቅ ሲመጣ ማን እንደሚተርፍ የሚነግሩን ደግሞ እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ባልሰመሩበት አገር በተረፉት ዓምዶች ብቻ የተሠራ ሞዴል ነገ ለእርዳታ ልየታ ቢውል የሚያስከትለውን ማሰብ አያዳግትም።

ይህ የሚጣሉትን ይመለከታል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳይጣሉ የሚቀሩት ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዓምድን ስም የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመስክ ሥራ የደረሰበት የተቻኮለ ባለሙያ ነው። ስሙ አንድ መሆኑ ይዘቱ አንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ቲ.ኤል.ዩ. የሚባለውን የእንስሳት ሀብት መለኪያ እንውሰድ። በብዙ ጥናቶች የቀንድ ከብት 0.7፣ ግመል 1፣ በግና ፍየል 0.1 ሆነው ይሰላሉ። በእንስሳት መድኑ ስሌት ደግሞ የቀንድ ከብት 1፣ ግመል 1.4፣ በግና ፍየል 0.1 ናቸው። 10 ከብት፣ 4 ግመልና 30 ፍየል ያለው ቤተሰብ በመጀመሪያው ስሌት 14፣ በሁለተኛው 18.6 ያገኛል። አንዲት እንስሳ ሳትጨመር ሀብቱ በሲሶ ያህል አደገ ማለት ነው። ስምና ዓይነትን ብቻ የሚያነጻጽር ኮድ ሁለቱንም ቁጥር የያዙ፣ ስማቸውም አንድ የሆነ ዓምዶች ናቸው ብሎ ያሳልፋቸዋል።

ወርም እንዲሁ ነው። የቦረናን መረጃ ከድንበር ማዶ ከኬንያው ማርሳቢት መረጃ ጋር ማዋሐድ ከደጋው ጋር ከማዋሐድ የተሻለ ትርጉም አለው፤ የዝናብ ወቅቱም አኗኗሩም ይቀራረባል። ሆኖም ወር የሚል ዓምድ በአንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በጎርጎርዮሳዊው ከተሞላ 7 ቁጥር በአንደኛው መጋቢት፣ በሌላኛው ጁላይ ይሆናል። መጋቢት የገና ዝናብ የሚጠበቅበት ነው (በዓሉን ሳይሆን ቦረናዎች በዚህ ስም የሚጠሩትን ዋናውን የዝናብ ወቅት ማለቴ ነው)፤ ጁላይ ደግሞ ደረቁና ቀዝቃዛው ወቅት። በዚህ ስሕተት የተሠራ ሞዴል እንስሳት በዝናብ ወቅት ይከሳሉ የሚል ግኝት ቢያመጣ አልደነቅም።

ስለ ቦታ ስሞች አጭር ነገር ልበል። ነገሌ በ1986 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በቦረና ዞን ሥር፣ በ1999ኙ በጉጂ ዞን ሥር ነበረች፤ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲዋቀር ደግሞ መቀመጫው ሆነች። ዞን የሚለው ዓምድ በሦስቱም ዘመን መረጃ ውስጥ አለ፤ ስሙም አልተለወጠም። ነገሌ ብሎ በስም ብቻ የሚያዛምድ ሰው አርሲ ነገሌን ሊያመጣ ይችላል። ሊበን ብሎ የሚፈልግም በኦሮሚያ ወረዳውን፣ በሶማሌ ክልል ዞኑን ያገኛል። ስታታ ሁለት ስብስቦችን ሲያዋሕድ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው የኮድ መፍቻዎች ካጋጠሙት በማኅደረ ትውስታ ያለውን ይይዛል፤ የመጪውን ይተወዋል። የአንዱ ዞን ሰዎች በሌላ ዞን ስም ይጻፋሉ ማለት ነው።

መጣል ጨርሶ አይቅር አልልም። የጋራ ሞዴል የጋራ ዓምዶችን ይጠይቃል፤ የማስተርስ ተማሪ ጊዜም አጭር ነው። የምለው ኮዱ ዝርዝሩን ያውጣ፤ ውሳኔውን ግን ሰው ይስጥ ነው። በአር ሴትዲፍ የሚባለውን ትእዛዝ በሁለቱም አቅጣጫ አሂዶ የሚጣሉትን ስሞች በፋይል ማስቀመጥ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያም በስም የሚለያዩት በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸውን፣ በስም የሚገጥሙትም በመለኪያ፣ በዘመን አቆጣጠርና በኮድ መፍቻ መግጠማቸውን ሁለቱን መጠይቆች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል። በአንዱ ጥናት ያልተጠየቀውንና የሌለውን መለየትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ለደጋ ገበሬ የፎራ ጥያቄ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ዜሮ ብሎ መሙላት ይቻል ይሆናል፤ የቦረና ቤተሰብ ስለ ማዳበሪያ ካልተጠየቀ ግን ዜሮ መጻፍ ያልተሰጠ መልስ መፍጠር ነው።

ፈታኞችና አማካሪዎች የተጣሉ ተለዋዋጮች ዝርዝር ከነምክንያቱ በአባሪ እንዲቀርብ ቢጠይቁ እወዳለሁ። እኔ በራሴ ጥናት ላይ ሞክሬዋለሁ። ዝርዝሩ አራት ገጽ ሞላ፤ ለአንዳንዱ ስም ምክንያት ልጽፍ ብዬ ስላጣሁ ሰባቱን መልሼ ወደ መረጃው አስገባኋቸው።