ልጅ ያቦካው ለእራት ሲበቃ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ክትባትም ስለ ጡት ማጥባትም አይደለም። ስለ መጫወቻ ነው፤ ያውም ስለ ትልልቅ ሰዎች መጫወቻ።

ባለፈው ጥር ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ሁለት ወር ተቀምጬ ነበር። ልጄ 42 ዓመቱ ነው። ሚስት አለው፣ የሰባት ዓመት ወንድና የሁለት ዓመት ሴት ልጆች አሉት፣ ሥራውም የተከበረ ነው። በደረስኩ ማግስት ምድር ቤቱን ሊያሳየኝ ይዞኝ ወረደ። ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ መርከብ፣ መኪና፣ ግንብ ተደርድሯል፤ ሁሉም ሌጎ ከሚባለው፣ እርስ በርሱ ከሚጋጠመው ትንንሽ የፕላስቲክ ጡብ የተሠራ። ከነካርቶኑ ያልተከፈተም አለ።

«ይሄ ሁሉ የልጁ ነው?» አልኩት።

«አይ እማዬ፣ የኔ ነው» አለኝ አንገቱን ደፋ አድርጎ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁት ልጅ ዕቃ ዕቃ ይጫወታል? የነርስ ልማድ አይለቅምና እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ከሚስቱ ጋር ያለውን ነገር ሁሉ በዓይኔ መረመርኩ። ምንም የለበትም፤ ደህና ሰው ነው።

ቅዳሜ ጓደኞቹ መጡ። ሁለት የእኛ ልጆች፣ አንድ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ጎረቤትና አንዲት ወጣት ሴት። እኔ ቡና አፈላለሁ፣ እነሱ ይከራከራሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል የአገራችን ፖለቲካ ተነሥቶ መስሎኝ ጀበናውን ትቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። ለካስ ክርክሩ ስለ ጡቡ ነው።

ነገሩን እንድትረዱት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሌጎን የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሚባል፣ ቢሉን በምትባል የዴንማርክ ትንሽ ከተማ የሚኖር አናጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ስሙም በአገሩ ቋንቋ «መልካም ጨዋታ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የወጣ ነው። ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ የተመዘገበው በ1958 ነው፤ የዚያን ጊዜው ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይጋጠማል። በ1978 ትንንሾቹ ሰዎች መጡ፤ ግንብና ጠፈር የሚባሉ ተከታታዮችም በዚያው ዓመት ወጡ። በ1989 ደግሞ የባሕር ወንበዴዎች ተከተሉ። እነዚህ ኩባንያው ራሱ ያሰባቸው ናቸው። በ1999 ግን ኩባንያው የሌላ ሰው ታሪክ በፈቃድ ወስዶ ስታር ዎርስ የተባለውን ፊልም በሳጥን መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ሃሪ ፖተር አለ፣ ሌላም ሌላም ተከተለ። ክርክሩም ያኔ ተጀመረ፤ ይኸው እስከ ልጄ ምድር ቤት ደርሷል።

አሜሪካዊው ጎረቤት «የድሮው ግንብ ይሻል ነበር» ባይ ነው። «ባላባቱ ስም አልነበረውም፤ ስሙን የሚያወጣለት ልጁ ነበር። አሁን ልጁ ሳጥኑን ሲከፍት ታሪኩ አልቆ ይጠብቀዋል። የስሙን ፈቃድ ሒሳብም የምንከፍለው እኛ ነን» ይላል። ከእኛ ልጆች አንዱ አይስማማም። «በ2003 እና በ2004 ኩባንያው ከስሮ ሊወድቅ ሲል ደግፈው የያዙት እነዚህ ፊልሞች ናቸው» ይላል። ልጄ ደግሞ «የለም፣ ያዳነው ዝባዝንኬውን ትቶ ወደ ጡቡ መመለሱ ነው» ብሎ ይመልሳል።

እኔም ሲኒ እያቀረብኩ «የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላል ያገሬ ሰው» አልኩ። ልጄ ለጎረቤቱ ሲተረጉምለት ሰውየው በሳቅ ፈነዳ፤ ይጻፍልኝ አለ። የስታር ዎርስ ወዳጁ ግን አልሳቀም።

«ማዘር» አለኝ፣ «እኔ ያንን ፊልም ያየሁት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ለእኔ ጊዜ ያገኘው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳጥኑን ስገዛ የምገዛው ያን ቀን ነው፤ እርስዎ እንዳሉት የሰው ወርቅ አይደለም።» አፌን ያዝኩ። ሰው የሚወደውን ነገር ከየት እንዳመጣው ሳይጠይቁ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ወጣቷ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አላት። እሷ በሳጥን የሚሸጠውን ሳይሆን በራሷ ንድፍ የወጣውን ትሠራለች፤ አሠራሩን የሚያሳየውን መመሪያ አዘጋጅታ ትሸጣለች። አንድ ሰው ንድፏን ወስዶ እንደ ራሱ አድርጎ ሸጠባት። «ጡቡ የሁሉም ነው፤ ንድፉ ግን የኔ ነው» ትላለች። ይሄ ለእኔ አዲስ አልሆነብኝም። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ያወጣውን ጥለት በሳምንቱ ሌላው ሸምኖ ሲሸጠው ስንቱን ጠብ ሰምተናል! ድሩና ማጉ የሁሉም ነው፤ ጥለቱ ግን ያሰበው ሰው አለው። ኩባንያው ራሱ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች በር ከፍቷል አሉኝ። አንድ ሰው ያቀረበው ንድፍ 10,000 ደጋፊ ካገኘ ይመረመራል፤ ተቀባይነት አግኝቶ ከተሸጠም ባለ ንድፉ ከተጣራው ሽያጭ ከመቶ አንድ ይከፈለዋል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ማክሰኞ የሆነው ግን ጨዋታ አልነበረም።

በመደርደሪያው መካከል፣ ለብቻው፣ ሚሌኒየም ፋልከን የሚባል ግራጫ የጠፈር መርከብ አለ። 7,541 ፍሬ አለው፤ በ2017 ሲወጣ ዋጋው 800 ዶላር ነበር። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት የሠራው ነው። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የመርከቡን ጀርባ ነቅሎ በፍሬዎቹ ሌላ ነገር ሠራ። አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ ከውስጥ አልጋ፣ አልጋው ላይ የተኛች ትንሽ ሰው። «አያቴ፣ ይሄ ያንቺ ክሊኒክ ነው» ብሎ አሳየኝ። ሳላደንቀው አባቱ ገባ።

ልጄ ቁጡ አይደለም። የዚያን ዕለት ግን ጮኸ። «ስንት ጊዜ አትንካ አልኩህ!» አለው። ልጁ አላለቀሰም። ክሊኒኩን አንድ በአንድ አፈረሰ፣ ፍሬዎቹን አባቱ እግር ሥር አስቀመጠ፣ ወደ ክፍሉ ወጣ። ረቡዕ አልወረደም። ሐሙስም አልወረደም። የራሱን ጡብ እንኳ አልነካም።

በሕፃናት ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ አያስፈራንም። የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው።

ሐሙስ ማታ ሁሉም ሲተኛ ልጄን ልገሥጽ ምድር ቤት ወረድኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። በጡብ የሚሠራ ቤት ንድፍ እያየ ነው። ቀረብ ብዬ አየሁ። በረንዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ከጎኑ ማድ ቤት። ደሴ፣ በጤና ጣቢያው ግቢ የኖርንበት ቤት ነው።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለኝ። «ይሄ በሳጥን አይሸጥም። ከማስታወሰው እየቀዳሁ ነው። ግን የማድ ቤቱ ጣሪያ ወዴት እንደሚያዘነብል ጠፋኝ። አባዬን እንዳልጠይቀው...» ብሎ ዝም አለ። አባቱ ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ለቀብር አልመጣም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ነገር አንሥቶልኝ አያውቅም።

ተቀመጥኩና አረምኩለት። መስኮቱ በግራ ነው። በረንዳው ላይ ሁለት ምሰሶ እንጂ ሦስት አልነበረም። የማድ ቤቱ ጣሪያ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ዝናቡን በበርሜል እናጠራቅምበት ነበር። እሱ ይሠራል፣ እኔ እነግረዋለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ከዚያ የሆዴን ነገርኩት። «ትዝ ይልሃል» አልኩት፣ «በዚህ ቤት የመድኃኒት ባዶ ካርቶን አመጣልህ ነበር። ወለሉን ሙሉ ቤት ትሠራበት ነበር። አንድ ቀን እንግዳ መጣብኝና ጠርጌ ማንደጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሦስት ቀን አላናገርከኝም። እኔ ቆሻሻ ነው ያልኩት ላንተ ከተማ ነበር። አሁን ልጅህ ያፈረሰብህ መርከብ ሌላ ሰው ያሰበው ነው፤ መመሪያውን ይዘህ መልሰህ ትሠራዋለህ። አንተ ያስፈረስከው ክሊኒክ ግን መመሪያ የለውም።»

መልስ አልሰጠኝም። እኔም ወጥቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አስከትሎ ወረደ። የደሴውን ቤት ንድፍ አሳየው። «ለጣሪያው ቆርቆሮ የሚሆን ግራጫ ጡብ የለኝም። ከየት እናምጣ?» አለው። ልጁ መርከቡን አየ፤ ግን አፉን አልከፈተም። ያን ጊዜ ልጄ ራሱ እጁን ሰደደና ከመርከቡ ጀርባ አንዱን ግራጫ ነቀለው። ቀጥሎ ልጁ ነቀለ። እስከ ምሳ ድረስ መርከቡ ግማሽ ጎኑ ባዶ ሆነ፤ ደሴ ግን ቆርቆሮ ለበሰች። ልጁ ክሊኒኩንም መልሶ ሠርቶ እዚያው ግቢ ውስጥ አኖረው። ጤና ጣቢያው ከቤቱ ይህን ያህል ቅርብ አልነበረም፤ ይህን ግን አላረምኩም።

ማታ ጓደኞቹ መጥተው መርከቡን ሲያዩ የስታር ዎርስ ወዳጁ ራሱን ያዘ። ቤቱን ካየ በኋላ ግን ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየና «ሌላ ግራጫ ካስፈለጋችሁ እኔ ዘንድ አለ» አለ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ከዚህ ለራሴ የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን። እራት ላይ እውነት ነው፤ ጨዋታ ላይ ግን ሊጡን ያቦካው ልጁ ራሱ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ባለ ታሪክ ሳጥን ብትገዙ ክፋት የለውም። አንድ ጊዜ በመመሪያው ይሥራው፤ ትዕግሥትና ቅደም ተከተል ይማርበታል። ከዚያ ግን ያፍርሰው። ባለ ስምንት ጉብታ ተመሳሳይ ጡብ ስድስቱ ብቻ ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይጋጠማሉ፤ በሳጥኑ ላይ የተሳለው ከዚያ አንዱ ነው። የግድ ውድ መሆንም የለበትም። ባዶ ካርቶን፣ ቆርኪና ሽቦም ያው ሥራ ይሠራሉ።

እናንተም የምትሳሱለት ነገር ካለ ከፍ አድርጋችሁ ለብቻው አኑሩት፤ ይህ የእናንተ መብት ነው። ለልጁ ደግሞ ማንም የማያፈርስበት የራሱ ቦታ ይኑረው።

የነርስነቴን ነገር ሳልናገር ብቀር ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ቅዳሜ ሁላችንም ጣሪያው ላይ አተኩረን ሳለ የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጄ የአንዷን ትንሽ ሰው ጭንቅላት አፏ ውስጥ ይዛ አገኘኋት። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ስድስት የሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች ይህንኑ ጭንቅላት ሆን ብለው ውጠው በስንት ቀን እንደሚወጣ ቆጠሩ፤ በአማካይ በሁለት ቀን ገደማ ወጣ። የአንደኛው ግን ጨርሶ አልተገኘም። ብንስቅም ወደ ሆድ የገባው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይወጣል፤ አደጋው ወደ አየር ቧንቧ የገባው ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንንሽ ፍሬ አይሰጥም። ታላቁ ሲጫወት ትልቅ አንሶላ አንጥፉለት፤ ሲጨርስ አራቱን ጫፍ ይዛችሁ ማንሣት ነው።

ልጅ ከታነቀና የሚስል ከሆነ እንዲስል ተዉት። መሳልም መተንፈስም ካቃተው ለእርዳታ ተጣሩ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ አምስት ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ግፉ፤ እስኪወጣ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን አትጫኑ። በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀርባውን አምስት ጊዜ ምቱ፤ ገልብጣችሁ የደረቱን መካከል በአንድ እጃችሁ የመዳፍ ግርጌ አምስት ጊዜ ተጫኑ። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። መብራት ያለው መጫወቻ ውስጥ ያለውን ክብ ባትሪ የዋጠ ልጅ ደግሞ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

በቀደም ልጄ ፎቶ ላከልኝ። መርከቡ ያው ግማሽ ጎኑ እንደጎደለ ነው። የደሴው ቤት በረንዳ ላይ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰች ትንሽ ሰው ቆማለች፤ አጠገቧም ኮፍያ ያደረገ ሰው ተቀምጧል። ኮፍያውን ማን እንደነገረው ልጄን አልጠየቅኩትም። ባለቤቴ ያለ ኮፍያ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰንብተን።