ሣሩ ባለቤት አለው

እኛ ተማሪዎች የትምህርት ዕረፍት በደረሰ ቍጥር «አገራችንን እንወቅ» እያልን ድንኳንና ድስት ጭነን መውጣትን ልማድ አድርገነዋል። ልማዱ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን አገር ማወቅ ማለት በአገር ላይ በመኪና ማለፍ ብቻ መስሎ ከታየን፥ ቆም ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ይህን የምንለው ከሰው ሰምተን ሳይሆን ራሳችን አጥፍተን ነው። ባንድ ዕረፍት ዘጠኝ ሆነን፥ አንዲት ሚኒባስ ተከራይተን፥ ወደ መንዝ ወጣን። ዳቦው፥ መኮሮኒው፥ የቆርቆሮ ዓሣው፥ የሚጠጣው ውሃ እንኳ ሳይቀር ከአዲስ አበባ ተጭኖ ነበር። ስለዚህ ሰንዳፋን፥ አለልቱን፥ ሸኖን፥ ደብረ ብርሃንን ያየናቸው በመስኮት ነው። ጣርማበር ላይ፥ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ዘንድ ስንደርስ፥ ዋናውን መንገድ ትተን በመዘዞ በኩል ወደ ጓሳ አቀናን። መዘዞ ወርደን የሠራነው ቁም ነገር ቢኖር ፎቶግራፍ መነሣት ነበር።

የጓሳ ምድር ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ገባ። ከከተማ የገዛነው የናይሎን መኝታ አልበቃ ቢለን፥ ቢላዋ አውጥተን ሣሩን ለጉዝጓዝ ማጨድ ጀመርን። ጥቂት እንደ ቈረጥን፥ ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። «እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ» ካሉን በኋላ እጃችንን አይተው፥ «ይህ ሣር እኮ ባለቤት አለው» አሉን። ከመካከላችን አንዱ «አባባ፥ የዱር ሣር አይደለም ወይ?» ቢላቸው፥ ቁጭ ብለው አስረዱን።

ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያገሩ ሰው በሕግ የጠበቀው የወል መሬት ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድም ይሆናል። ስለዚህ ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ሥር ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው፤ የሚከፈተው ሣሩ ሲደርስ ነው። የ1967 ዓ. ም. የመሬት አዋጅ ያንን የቆየ ሥርዓት ቢያፈርሰውም፥ ሕዝቡ ኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ምድር የተረፉት በዚህ ጥበቃ ነው።

እኛ ግን ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ በተጠየቅን ጊዜ፥ «ገበሬውን ማስተማር ያስፈልጋል» የሚለውን ሳንጽፍ የፈተና ወረቀት አስረክበን አናውቅም። ማን ማንን ማስተማር እንደሚያስፈልገው ያን ማታ ተገለጠልን። ሽማግሌው ሲነሡ፥ «ባለፋችኋቸው ገበያዎች ባና ብትገዙ ኖሮ፥ እናንተም ባልበረዳችሁ፥ ሣሩም ባልተነካ ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዕረፍት ዕረፍት ነው፤ ትምህርት እዚያም ይከተለናል ወይ?» ይሉ ይሆናል። ማረፉንስ እንረፍ። ነገር ግን እንግዳ በሰው ቤት ሲያርፍ ባለቤቱን ሳይጠይቅ መደብ ላይ አይወጣም። ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ በዩኒቨርስቲ አገልግሎት የዘመቱት ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ እያስተማሩ አንድ ዓመት ከሕዝብ ጋር ኖረዋል። እኛ አራት ቀን ሰንብተን የአንድ ሰው ስም ይዘን አልተመለስንም። የሽማግሌውን ስም እንኳ አልጠየቅንም።

ስለዚህ ማኅበራችን ከእንግዲህ ለሚያዘጋጀው ጉዞ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ድንኳን ከመተከሉ በፊት የቦታው ሰው ይጠየቅ። ሁለተኛ፥ ስንቁ ሁሉ ከአዲስ አበባ አይጫን፤ ዳቦውም ዕንቍላሉም ባናውም ከመንገድ ከተሞች ይገዛ። ሦስተኛ፥ የተማርነው ነገር ተጽፎ በዚሁ መጽሔት ይውጣ፤ ፎቶግራፉ ብቻውን አይበቃም።

ይህን ካላደረግን፥ አገራችንን አየን እንጂ አወቅን አንበል።