ከዐስር በኋላ ምን እንሥራ?

 

«ኡስታዝ፣ ልጄን ወደ እርስዎ የላክሁት ቁርኣን እንዲያስቀሩልኝ፣ ሒሳብም እንዲያስጠኑልኝ እንጂ አፈር እንዲያስቆፍሩት አይደለም።» ይህን ያሉን በዕድሜያቸው የምናከብራቸው አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው የ16 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ በዚያ ቀን እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በፍግ ተለውሶ ነበር። አባትዬው ይዘውት ሄዱ። እኛም ተናደድን፤ መናደዳችንን አንደብቅም። ይሁን እንጂ ነገሩ የብዙ ቤቶች ጉዳይ ስለሆነ የዚህን ወር ዐምድ ልንሰጠው ወደድን።

የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። ወጣቶቻችንን «ጫት ተዉ፣ ስልክ ላይ አትጣዱ» እያልን ለዓመታት ስንመክር ኖረናል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ግን ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ «እሺ ኡስታዝ፣ ትተን ከዐስር እስከ መግሪብ ምን እንሥራ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። «አንብቡ» ብንለው ስሕተት አይሆንም ነበር፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የዋለ ልጅ የጠየቀን ስለ እጁና ስለ እግሩ ነበር።

ስለዚህ ከገበያ አንድ የበሰለ ፓፓያ ገዝተን ቆረጥን። የፓፓያ ዘር በሚያሟልጭ ስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ሽፋኑ ካልተወገደ ቡቃያው ይዘገያል። ልጆቹ በወንፊት ላይ እያሹ አጠቡት፤ ጥላ ሥር አደረቁት፤ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን በሞላናቸው ጥቁር ላስቲኮች ውስጥም ዘሩት። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም አልታየም። በየቀኑ እየመጡ አፈሩን በጣታቸው ሲጭሩ መከልከል ዋና ሥራችን ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ሲል የተነሣውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ሱብሐነላህ! ለፈተና ውጤት እንኳ እንዲያ ሲጮኹ አላየንም።

ታዲያ አባትዬውን ያሳፈራቸው ምንድን ነው? በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ስድብ ተሸክመው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ አልቀረም። በሰሜኑ ደጋ ከነበሩት ሙስሊም አባቶቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ርስት ስለተከለከሉ በሽመናና በንግድ ነበር የሚተዳደሩት፤ መሬትም ለአራሹ የተባለው በ1967 ዓ.ም. ነው። በሱቅ ከድህነት የወጣ ሰው ልጁ ዶማ ይዞ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር ለልጆች እናስተምራለን። እውነቱን ለመናገር ግን እኛ ራሳችን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ለዶማ እጀታ ማስገባት አናውቅም ነበር። መድረሳም ዘመናዊ ትምህርትም ቀስመናል፤ ይህን ግን ያስተማረን አልነበረም።

ይህ አላዋቂነታችን ነው አባትዬውን የመለሰልን። ሐምሌ ላይ ችግኞቹን ስንተክል የዶማችን እጀታ ወለቀ። እኛ በድንጋይ ስንቀጠቅጥ በመንገድ ሲያልፉ አዩንና ገቡ። ምንም ሳይናገሩ ከወይራ ቁራጭ ሽብልቅ ጠርበው አጠበቁልን። «አባቴ ሸማኔ ነበር፤ የሽመና ዕቃውን ሁሉ የሚሠራው በእጁ ነው» አሉ። ይህንን ልጃቸውም ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር። በሳምንቱ ልጁ መጣ፤ ሁለት ቀን ለእኛ፣ የቀረው ለሱቁ ተብሎ።

ሁሉም ሰመረልን አንልም። ከ9 ልጆች ሁለቱ ወደ በርጫው ተመልሰዋል። «እኅቶችስ?» ለምትሉን፣ የጓሮውን ጎመንና ቃሪያ የያዙት እነሱ ናቸው፤ ከወንዶቹም ይልቅ ውኃ ማጠጣት አይረሱም። እሑድ ከሱብሒ በኋላ ደግሞ ወንዶቹን ይዘን ወደ የጎፍ ተራራ እንወጣለን። ጥዱንና ወይራውን በስሙ ለይቶ የሚያውቅ መጀመሪያ ላይ አንድም አልነበረም።

ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለው፤ አበባ እስኪያወጣ ድረስ አይለይም። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት የተከልነውም ለዚህ ነው። በዚህ ዓመት መጋቢት አበቡ፤ የወንዴው አበባ ረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፣ የሴቴዋ ግንዱን ተጠግቶ ይወጣል። ለአበባው ብናኝ ጥቂት ወንዴ አስቀርተን ሌላውን ቆረጥን። የራሱ ችግኝ ወንዴ ሆኖ የተቆረጠበት ልጅ ሁለት ቀን አኩርፎናል።

አሁን ሴቴዎቹ ፍሬ ይዘዋል፤ ገና አረንጓዴ ነው። አባትዬው በየሳምንቱ እየመጡ መብሰሉን በጣታቸው ጫን እያሉ ያያሉ። ልጆቹም «ሐጂ፣ አይንኩት!» ይሏቸዋል።